የትምህርት ቤት የጤና ምርመራ በጎንደር፦ ምርመራው ጥሩ ነው፣ ክትትሉ ግን ወላጅ ላይ ወድቋል

አራዳ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ዩኒፎርም ሊያስጠብብ፣ ሊያስረዝም የሚመጣ ወላጅ ሁሉ ሰሞኑን አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «ያ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚደረገው የጤና ምርመራ ይጠቅማል ወይስ እንዲሁ ልጆቹን ከክፍል ማስወጣት ነው?» ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚህ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ሴቷ 7 ዓመቷ ነው፣ አንደኛ ክፍል ናት። ወንዱ 10 ዓመቱ፣ አራተኛ ክፍል። ሁለቱም የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ከሌሎች ወላጆች እንደምሰማው ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ምርመራው እንዳያመልጣችሁ። የልጄን ዓይን ያገኘልን እሱ ነው። ነገር ግን ልጁ ወረቀት ይዞ ቤት ሲገባ ዋናው ሥራ ገና መጀመሩ ነው፤ ያንን ሥራ ደግሞ የኔ ነው የሚል አካል የለም።

ምርመራው ኅዳር ውስጥ ነበር። ከጤና ጣቢያ ነርሶችና አንድ ጤና መኮንን መጡ፤ ዓይን የሚመረምሩ ወጣቶችም አብረዋቸው ነበሩ። ቤተ መጻሕፍቱን አስለቅቀው በየጥጉ ተከፋፈሉት፤ ዓይን በአንድ በኩል፣ ጆሮና ጉሮሮ በሌላው፣ ጥርስ፣ ከዚያ ክብደትና ቁመት። ወላጅ መግባት ይችላል ስለተባለ ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ።

የዓይኑ ምርመራ በጣም ነው ያረካኝ። 6 ሜትር በትክክል ለክተው ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመሩ። እኔ ቀኑን ሙሉ አንገቴ ላይ ሜትር አንጠልጥዬ የምውል ሰው ስለሆንኩ ልኬት ላይ ዓይኔ ንቁ ነው፤ ስሕተት አላየሁባቸውም። ሰሌዳው ላይ ያለው «ኢ» የምትባለዋ የፈረንጅ ፊደል ብቻ ናት። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እየዞረች ከትልቅ ወደ ትንሽ ትወርዳለች። ልጁ እግሮቿ ወዴት እንደዞሩ በእጁ ያሳያል። ስለዚህ ገና ማንበብ ያልለመደ ልጅም ያለችግር ይመረመራል። አንዱን ዓይን የሚሸፍኑት ደግሞ በካርቶን ነው። በመዳፍ ቢሆን ልጅ በጣቶቹ መሀል አሾልኮ ያያል፤ ይቺን ማወቃቸው ልምድ እንዳላቸው ያሳያል።

ልጄ በቀኝ ዓይኗ እስከ ታች ድረስ አሳየች። 6/6 ተባለች። ግራው ሲመረመር ግን ከላይኞቹ መስመሮች አላለፈችም፤ 6/24። ይህ ማለት ጤነኛ ዓይን ከ24 ሜትር የሚያየውን እሷ የምታየው 6 ሜትር ላይ ቀርባ ነው። ቤት ውስጥ ምንም ምልክት አልነበራትም። መርፌ ክር ታስገባልኛለች። ቴሌቪዥን አትጠጋም። ደብተሯንም አፍንጫዋ ስር አታደርግም። ደህናው ዓይን ለሁለቱም እያየ ስለነበር ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ እሷም ሌላ ሰው እንዴት እንደሚያይ አታውቅም። አንዱ ዓይን ተሸፍኖ መመርመር ያለበት ለዚህ ነው።

የጆሮው ላይ ግን ቅር ያለኝ ነገር አለ። መብራት ባለው መሣሪያ ውስጡን ያዩበት መንገድ ጥሩ ነው፤ መስማትን የፈተኑበት ግን አይሆንም። ነርሷ ከልጁ ኋላ ቆማ በሹክሹክታ ቁጥር ትጠራለች፣ ልጁ ይደግማል። ዘዴው ራሱ ያስኬዳል፤ ጸጥታ ግን ይፈልጋል። የእረፍት ሰዓት ደርሶ ግቢው በጩኸት ተሞልቶ እያለ ነው የቀጠሉት። ደህና የሚሰማውም ልጅ ይሳሳታል፣ የማይሰማውም በግምት ያልፋል። ለሚቀጥለው ዓመት ይሄ የግድ በትምህርት ሰዓት ይሁን፣ ራቅ ባለ ክፍል።

የዓይን ቆባቸውን ገልብጠው ትራኮማም አይተዋል። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ከበረታባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በዝንብ፣ በእጅና በጋራ ፎጣ ነው የሚተላለፈው። ልጅ ሆኖ እየተደጋገመ የያዘው ሰው ካደገ በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኑን ይፍቀዋል፤ ዓይን የሚጠፋው ያኔ ነው። ነርሷ ልጆቹን ሰብስባ ፊት መታጠብን በደንብ አስተማረች። እንዴት አድርጋ እንዳስረዳቻቸው ብታዩ ትወዷታላችሁ። ነገር ግን በዚያ ቀን የትምህርት ቤቱ ቧንቧ ውኃ አልነበረውም። የጎንደርን ውኃ የምታውቁት ነው፤ እኛም ቤት በጄሪካን ነው የምናጠራቅመው። ቢሆንም 7 ዓመት ልጅን «ፊትሽን ታጠቢ» ብሎ ደረቅ ቧንቧ ማሳየት ያሳዝናል። አንድ ሮቶ ታንከር ቢቆም ወላጅም ያዋጣል፣ እኔም አዋጣለሁ።

ጥርስ ላይ አንድ ሁሉም ወላጅ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ሰማሁ። ልጅ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ኋላ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። የወደቀ ጥርስ ስለሌለ ብዙ ሰው ይሄም የወተት ጥርስ ነው ይላል። አይደለም። ዕድሜ ልክ የሚቆየው ነው። ቢበሰብስ ተተኪ የለውም። «ይወድቅ የለ!» ብሎ መተው እዚህ ላይ አይሠራም። ከረሜላና ለስላሳ ከትምህርት ቤት በር ላይ እስካልጠፋ ድረስ ደግሞ ይሄ መንጋጋ ነው ቀድሞ የሚጎዳው።

ክብደትና ቁመቱን በፍጥነት ነው ያለፉት፤ ሚዛኑም ወጣ ገባ ወለል ላይ ነበር። በዚህ ብዙ አልቆይም።

አሁን ወደ ወረቀቷ ልምጣ፤ ዋናው ቅሬታዬ እሷ ጋር ነው ያለው።

ችግር የተገኘበት ልጅ ሁሉ ቁራጭ ወረቀት ተሰጠው። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፣ ያውም በምሕጻረ ቃል። የት እንደሚኬድ አይልም። በየትኛው ቀን፣ ምን ተይዞ፣ ስንት ብር፣ አይልም። ይቸኩላል ወይስ ይቆያል፣ አይልም። ደግሞ ለልጁ ነው በእጁ የሚሰጡት። እኔ እዚያው ስለነበርኩ ጠየቅኩና ተረዳሁ። ጎረቤቴ ግን ቀኑን ሙሉ ቅዳሜ ገበያ እህል ስትሸጥ የምትውል ናት። የአምስተኛ ክፍል ልጇ ወረቀቱን ደብተሯ ውስጥ ከትታ ተወችው። እናቷም ብታየው አታነበውም።

የዚያች ልጅ ነገር ቀላል አልነበረም። ጤና መኮንኑ ጉሮሮዋን አይቶ፣ መገጣጠሚያዋን እንደሚያማት ሲሰማ ልቧን በማዳመጫ አዳመጠና ያላማረው ድምፅ ሰማ። የጉሮሮ ቁስለት በተለይ በልጆች ላይ በጊዜው ካልታከመ የልብ በርን የሚጎዳ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ቶንሲል በመጣ ቁጥር እንጥል የሚያስቆርጥ ቤተሰብ እዚህ አሁንም አለ። እንጥል መቁረጥ ከዚህ በሽታ አያድንም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው የሚያተርፈው። የሚያድነው ጉሮሮውን በትክክለኛው መድኃኒት በጊዜ ማከም ነው። ልብ ከተነካ ደግሞ ሌላ ጉዳት እንዳይደርስ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይወጋሉ።

ታዲያ ልጅቷ እንዴት ደረሰች? አንድ መምህር ነው ያደረሳት። የጤና ክበቡን የሚመራ መምህር በምርመራው ቀን ከጎናቸው ተቀምጦ፣ ወረቀት የተሰጠውን ልጅ ሁሉ ስምና የወላጅ ስልክ በደብተር ሲመዘግብ ዋለ። ማንም ያዘዘው አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ ወላጅ በወላጅ ደወለ። «እታለም፣ የልጅሽ ወረቀት የት ደረሰ?» ብሎ ጎረቤቴን ሱቄ ድረስ መጥቶ ፈለጋት። ወረቀቱ ከደብተር ውስጥ ወጥቶ ልጅቷ ሆስፒታል ሄደች፤ የልብ አልትራሳውንድ ተነሳች፤ አሁን መርፌዋን በየ4 ሳምንቱ ትወጋለች። ይሄን ሰው እግዜር ይስጠው። በሁለተኛው መንፈቅ ግን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ደብተሩን ማን እንደተረከበ ስጠይቅ የሚያውቅ ሰው አጣሁ። በአንድ መምህር ደግነት ላይ የተንጠለጠለ ክትትል ሰውየው ሲሄድ አብሮት ሄደ።

እህቴ ነርስ ናት። ይሄን ሳወራት የነገረችኝ ታሪክ አለ። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ በ1902፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ ሐኪሞች ትምህርት ቤት እየዞሩ ልጆችን ይመረምሩ ነበር። ትራኮማ፣ ቅማል፣ የቆዳ በሽታ ያለበትን ልጅ ወረቀት ሰጥተው ወደ ቤቱ ይመልሱታል። ቤት ደግሞ የሚያክመው የለም። ልጁ መንገድ ላይ ሲጫወት ይውላል፤ ትምህርቱም ይቀራል፣ በሽታውም አይድንም። ሊሊያን ዋልድ የምትባል ነርስ ይሄን አይታ ሊና ሮጀርስ የምትባል ባልደረባዋን ትምህርት ቤቶቹ ላይ እንድትመደብ አደረገች። ሊና ቀላል ቀላሉን እዚያው ታክማለች፤ ከዚያ እቤት ድረስ ሄዳ እናትየዋን ታሳያለች። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ከትምህርት ገበታ የተመለሱት ልጆች ከ10 ሺህ በላይ ነበሩ። በዓመቱ መስከረም ወደ 1 ሺህ ገደማ ወረዱ። የመጣው ለውጥ ልጁን እስከ ቤቱ የሚከተል ሰው መኖሩ ነው።

ይሄን ስሰማ ጎንደር ይሄን መሥራት የሚያቅታት ከተማ አይደለችም ብዬ ነው ያሰብኩት። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው እዚሁ ነው። ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያን የሚባሉ የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በቡድን እያሰለጠነ ሰዉ ወዳለበት ይልክ ነበር። ያ ኮሌጅ አድጎ የሆነው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዛሬም የዓይን መነጽር ባለሙያዎችን፣ ኦፕቶሜትሪስት የሚባሉትን፣ ያስተምራል። ቤት ለቤት የሚሄዱ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በየቀበሌው አሉ። እኛ ቤት የምትመጣዋ ልጅ ክትባት ትጠይቃለች፣ ሽንት ቤት ታያለች፣ ስለ እርግዝና ታወራለች። የመምህሩ ደብተር እሷ እጅ ቢገባ ኖሮ አንድም ወረቀት ደብተር ውስጥ አይቀርም ነበር። ትምህርት ቤቱም ጤና ጣቢያውም ዝርዝሩን ለእሷ አልሰጡም።

የልጄን ሕክምና ደግሞ እንደደረሰን ልንገራችሁ፤ መንገዱ ላይ ያላችሁ ይጠቅማችኋል።

ዓይን ክሊኒክ በጠዋት ሄድን። ወረፋው ረጅም ነው፣ ባለሙያዎቹ ግን ልጅ ይችላሉ። መጀመሪያ ጠብታ አደረጉላት። ጠብታው ብሌኑን ያሰፋዋል፣ ዓይኗም ለማየት መታገሏን ለጊዜው ያቆማል፤ ትክክለኛው የመነጽር ቁጥር የሚገኘው ያኔ ነው። ያለ ጠብታ ተለክቶ የተሰጠ የልጅ መነጽር አትመኑ። ግራ ዓይኗ ከቀኙ በጣም የተለየ ቁጥር እንዳለው ታወቀ። አንጎሏ ከግራው የሚመጣውን ደብዛዛ ምስል ትቶ በቀኙ ብቻ ማየት ለምዷል። ሰነፍ ዓይን የሚሉት ነው። ዓይኑ ራሱ ሕመም የለበትም፤ ከአንጎል ጋር አብሮ መሥራት አልተማረም። ሕክምናው በልጅነት ሲጀመር ነው ደህና የሚሠራው፤ ዕድሜ በገፋ ቁጥር ይከብዳል። ባለሙያዋ «7 ዓመቷ ላይ መምጣቷ ጥሩ ነው፣ እናት» ስትለኝ እፎይ አልኩ።

የታዘዘላት መነጽር ሁልጊዜ፣ ከዚያ ደግሞ ደህናውን ዓይን በቀን 2 ሰዓት በፕላስተር መሸፈን ነው። ግራው እንዲሠራ ይገደዳል። እኔ ጋ ሱቅ ተቀምጣ በተሸፈነችበት ሰዓት ቁልፍ በቀለም ትለያለች፣ ሥዕል ትቀባለች። ትምህርት ቤት ሸፍኖ መሄድ አያስፈልጋትም፤ ልጆች ይስቁባታል ብለው የሚፈሩ ወላጆች ይሄን ይወቁ።

መነጽሩ ላይ ነው የተቸገርነው። የጤና መድህን አለን፤ ካርዱንና ምርመራውን ሸፈነልን፣ መነጽር ግን አይሸፍንም ተባልኩ። ከኪስ ነው። ገዝቼ የመጣሁበት ሱቅ የሰጠን ፍሬም ደግሞ ለትልቅ ሰው የተሠራ ነበር። አፍንጫዋ ላይ ይንሸራተታል፣ እሷም ከላይ አሻግራ ታያለች። እንዲህ ከሆነ መነጽሩን አላደረገችም ማለት ነው። መልስልኝ ብዬ ሄድኩ፣ ሻጩ «ታድግበታለች» አለኝ። ኮት አይደለም እኮ! ልጅ መነጽር የሚያድግበት አይገዛለትም። ብሌኗ የሌንሱ መሀል ላይ መዋል አለበት። በመጨረሻ ሌላ ቦታ የልጅ ፍሬም ተገኘ፤ ሌንሱን እዚያው አስቆረጡልን፣ ከኋላ የሚይዝ ማሰሪያም ጨመሩለት። መነጽር የምትገዙ፣ ልጁ ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል ቦታው ላይ መቆየቱን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።

ባለፈው ቀጠሮ ግራ ዓይኗ 6/12 ደርሷል። አልጨረስንም። ግን ሰሌዳው ላይ አዲስ መስመር ስታሳይ ፊቷን ብታዩት!

ወንዱ ልጄ ጆሮው በጉንፋን ጊዜ ይመግላል። ምርመራው ላይ የጆሮ ታምቡሩ ቀዳዳ እንዳለው ታየ። የግቢያችን እናቶች ጤና አዳም በዘይት ጨምሪለት ይሉኛል፤ ለደግ አስበው ነው። ነርሷ ግን ዘይትም ሆነ ቅጠል ወደ ቀዳዳው እንዳይገባ አስጠነቀቀችኝ። ንጹሕ የሚመጥ ጨርቅ አሹላ ጠቅልላ፣ ጆሮው ውስጥ አስገብታ፣ እርጥበቱን ሲመጥ አውጥታ በሌላ እየተካች፣ ጨርቁ ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አሳየችኝ። በቀን 3 ጊዜ። የጆሮ ጠብታው የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ መግል ባለበት ላይ ቢንጠባጠብ ውስጥ አይደርስም። ገላውን ሲታጠብ ጆሮው እንዳይረጥብ። ይቺ ትምህርት በነፃ የተገኘች ናት፣ ሠርታለችም፤ ጆሮው ደርቋል።

መምህሩ ልጄን «አይታዘዝም» ይለው ነበር። ጆሮውን ከሰማ በኋላ ከፊት፣ ደህናው ጆሮ ወደ መምህሩ በሚዞርበት በኩል አስቀመጠው። አሁን አቤቱታ የለም። ይሄን ያደረግነው ግን እኔ ሄጄ ስለነገርኩት ነው። የምርመራው ውጤት ለክፍል ኃላፊው አልተነገረም። መነጽር ያዘዙለት ልጅ መነጽሩን እያደረገ መሆኑን፣ ጆሮ ያመመው የት መቀመጥ እንዳለበት፣ በየቀኑ የሚያየው መምህር ካላወቀ ማን ይወቅ?

ነጥብ ስጪ ብትሉኝ፣ ለምርመራው ቀን ከ5 4 እሰጣለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለጆሮው ጩኸትና ለደረቁ ቧንቧ ነው። ለክትትሉ 2፤ ሁለቱም የዚያ መምህር ናቸው።

በሚቀጥለው የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ የምጠይቀውን አዘጋጅቻለሁ። ወረቀቱ በአማርኛ ይጻፍ፤ የት፣ መቼ፣ ምን ተይዞ የሚለው ይኑርበት፤ የሚያስቸኩለው በቀይ ይጻፍ። ዝርዝሩ ለክፍል ኃላፊዎችና ለቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ይሰጥ። ከ3 ወር በኋላ ማን ታከመ፣ ማን ቀረ ተብሎ ይታይ። ብዙ ብር የሚፈልግ ነገር የለበትም። አብራችሁኝ የምትጠይቁ ወላጆች ካላችሁ ሱቁ ክፍት ነው፣ ግቡና እንነጋገር።

በዚህ መንፈቅ ልጃችሁ የዓይን ወረቀት ይዞ የመጣ ደግሞ ይቺን ያዙ። በጠዋት ሂዱ። የጤና መድህን ደብተሩንና ወረቀቷን አትርሱ። ፈተና ባለበት ቀን አትውሰዱት፤ ጠብታው ከገባ በኋላ የቅርቡ ስለሚደበዝዝበት በዚያ ቀን ማንበብ ይቸግረዋል። ፀሐይ ስለሚያስቸግረው ባርኔጣ ያዙለት። ቁርስ በልቶ ይሂድ፣ ውኃም ያዙ። ስትወጡ የሚቀጥለው ቀጠሮ በግልጽ ይጻፍላችሁ፤ ካልተነበበላችሁ እዚያው ቆማችሁ አስነብቡ።